ሞተር ላይ ሰው ማፈናጠጥ፦ ከሊብሬው እስከ ቁልቁለቱ

120 ኪሎ ገደማ በሚመዝን ሞተር ላይ 70 ኪሎ ሰው ሲፈናጠጥ የተጨመረው ክብደት አብዛኛው የሚያርፈው በኋላ ጎማ ላይ ነው፤ ተሳፋሪው የሚቀመጠው ከኋላ ቸርኬ አናት ላይ ነውና። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የዚህ ውጤት ነው። መሪው ይቀላል፣ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ይረዝማል፣ ሰንሰለቱ ይወጠራል፣ የፊት መብራቱ ሽቅብ ያያል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያንሳል። ብዙ ነጂ ይህን የሚያውቀው መንገድ ላይ ሲደርስበት ነው፤ አብዛኛው ግን ቆሞ ሳለ በአሥር ደቂቃ የሚስተካከል ነው። ከዚህ በታች ያለው በአገራችን በብዛት የሚታዩትን ከ100 እስከ 150 ሲሲ ሞተሮች፣ ማለትም ባጃጅ ቦክሰርን፣ ቲቪኤስንና ያማሃ ዲቲን የመሳሰሉትን ታሳቢ ያደርጋል።

መጀመሪያ ወረቀቱ

መንጃ ፈቃድዎ ላይ የሞተር ሳይክል ምድብ መኖሩን ይመልከቱ። «አውቶሞቢል ስለምነዳ ይበቃኛል» ብሎ ሰው አፈናጥጦ መውጣት፣ አደጋ የደረሰ ቀን ከፖሊስም ከመድንም ጋር የሚያጣላ ነው። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የመጫን አቅምም ያንብቡ። የተለመደው ሞተር ከነጂው ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፤ ከኋላ ያለው የእግር መርገጫም አንድ ጥንድ ነው። ሦስተኛ ሰው በመሐል ማስገባት፣ ሦስተኛው ሕፃን ቢሆንም፣ ትርፍ መጫን ነው። ቦሎው የዘንድሮ መሆኑን፣ ሰሌዳው ጭቃ ያልሸፈነው መሆኑን ማየት ደግሞ የማንም ጧት ሥራ ነው።

ለገንዘብ ሰው ማመላለስ ሌላ ጉዳይ ነው። በነባሩ ሰሌዳ ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ ነው። በግል ሰሌዳ ሒሳብ ተቀብሎ ሰው መጫን የትራንስፖርት ቢሮ የሚጠይቀውን ፈቃድ አይተካም። ሞተሩ የመሥሪያ ቤት ከሆነ፣ በተለይ የኮድ 4 (የመንግሥት) ወይም የዕርዳታ ድርጅት ከሆነ፣ ባልደረባ ያልሆነ ሰው ማፈናጠጥ ይፈቀድ እንደሆነ ስምሪት ክፍሉን አስቀድመው ይጠይቁ፤ መንገድ ላይ እጁን የዘረጋ ዘመድ አዝማድ ሁሉ በስምሪት ወረቀቱ ላይ የለም።

አዲስ አበባ ለብቻዋ መታየት አለባት። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ ያልያዙ ሞተሮች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ገደብ ተጥሏል። ፈቃድ ካለዎትም ለምን ሥራ እንደተሰጠ ያንብቡ፤ ዕቃ ለማድረስ የተሰጠ ፈቃድ ሰው ለመጫን የተሰጠ አይደለም። በክልል ከተሞችም የሰዓትና የመንገድ ገደብ በየጊዜው ይወጣልና ወደማያውቁት ከተማ ሲገቡ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ወይም የአካባቢውን ሞተረኛ መጠየቅ አያሳፍርም።

የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። ነጂዎች የሚዘነጉት ግን ቀጥሎ ያለው ነው፦ ከኋላ የተፈናጠጠው ሰው በውሉ ውስጥ አለ ወይስ የለም? መድን ድርጅቱ ቢሮ ሄደው ሁለት ጥያቄ ያቅርቡ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይጠይቁ። አንደኛ፣ «ተሳፋሪዬ ቢጎዳ ይህ ውል ይከፍላል?» ሁለተኛ፣ «ሒሳብ ተቀብዬ ስጭንስ?» በግል አገልግሎት የተገባ ውል ለንግድ ሲውል ካሣ ሊያስከለክል ይችላል። ተጨማሪ የተሳፋሪ ሽፋን ካለ ይግዙት።

የክብደት ሒሳብ

በሞተሩ መመሪያ ወይም በሊብሬው ላይ ከሚገኘው ጠቅላላ ክብደት የሞተሩን ባዶ ክብደት ሲቀንሱ የሚቀረው መጫን የሚችሉት ነው። በዚያ ውስጥ እርስዎም ተሳፋሪውም ሻንጣውም አሉ። የሚፈቀደው 140 ኪሎ ቢሆን፣ እርስዎ 65፣ ተሳፋሪው 70 ከመዘናችሁ ለዕቃ የተረፈው 5 ኪሎ ነው። ሃያ ሊትር ውሃ የያዘ ጄሪካን ብቻውን 20 ኪሎ ስለሚመዝን ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሰውና ጄሪካን ከሆነ ሁለት ምልልስ ነው።

ዕቃ ካለ በእናንተ መሐል ወይም ከኋላ የዕቃ መጫኛ ላይ በላስቲክ ቺንጋ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር። ተሳፋሪው በእጁ ዕቃ ከያዘ መያዣ እጅ የለውም ማለት ነው። መሪ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል ወይም ዶሮ ኩርባ ላይ መሪውን ይገታል።

ሞተሩን ለሁለት ሰው ማስተካከል

ጎማ። ንፋሱን ጧት ሞተሩ ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ይለኩ። ለቦክሰር የተለመደው የፊት 25፣ የኋላ ለብቻ 28፣ ሰው ሲጫን ደግሞ 32 ፒኤስአይ ነው። ለሌላ ሞተር የራሱን መመሪያ ወይም ሰንሰለት መሸፈኛው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ይከተሉ። የኋላው ንፋስ አንሶ ሰው ከተጫነ ጉድጓድ ላይ ቸርኬው ካላማዳሪውን (በጎማው ውስጥ ንፋሱን የሚይዘውን ላስቲክ) ጨምቆ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳዋል። ጎሚስታው ሁለት ቀዳዳ ካሳየዎት ምስማር አይፈልጉ፤ ጥፋቱ የንፋሱ ነው። የጎሚስታ ቤት መለኪያ ብዙ ጊዜ የተዛባ ነው። እስክርቢቶ የሚያክል የራስዎን መለኪያ ይግዙ፣ ዋጋው ከአንድ ካላማዳሪ አይበልጥም።

አሞርዛተር። እንደ ቦክሰር ባሉ ሞተሮች ከኋላ ያሉት ሁለቱ አሞርዛተሮች (የመንገዱን ንረት የሚውጡት) ከታች በኩል በደረጃ የተቆረጠ ቀለበት አላቸው። በቆልማማው ቁልፍ ወደ ጠንካራው አቅጣጫ ከአንድ እስከ ሁለት ደረጃ ያዙሩት። የግራና የቀኙ ደረጃ የግድ እኩል ይሁን፤ አንዱ ሦስተኛ ሌላው አራተኛ ላይ ከሆነ ሞተሩ ኩርባ ላይ ይጣመማል። ዘንጉ ዘይት የሚያለቅስ ከሆነ ቀለበቱን ማጥበቅ አይፈውሰውም፣ ይቀየር።

ሰንሰለት። ይህን በጥንቃቄ ያንብቡት፤ ሰው ሲያፈናጥጡ ሰንሰለት የሚበጠሰው፣ ወይም የማርሽ ሳጥኑ ኩሽኔታ ያለ ዕድሜው የሚበላው፣ በአብዛኛው እዚህ ላይ በሚፈጠር ስሕተት ነው። ሞተሩን በመሐል መቆሚያው አቁመው የታችኛውን ሰንሰለት መሐል በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር መላላት አለበት። ቦክሰር ላይ ሰንሰለቱ በቆርቆሮ ስለተሸፈነ የሚታይበትን ትንሽ የጎማ መክደኛ ይንቀሉ። ጎማውን እያዞሩ ሦስት አራት ቦታ ይለኩና በጣም የተወጠረውን ቦታ ይያዙ። አሁን ሞተሩን ከመቆሚያው አውርዱትና ሁለት ሰው ይቀመጥበት፣ ሦስተኛ ሰው ደግሞ ይንካው። ክብደት ሲጫን የኋላው ክንድ ወደ ላይ ይነሳል፤ የፊት ጥርስ፣ የክንዱ መታጠፊያና የኋላ ጎማ ማዕከል በአንድ መሥመር ሲውሉ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት ትልቁ ይሆናል፣ ሰንሰለቱም በጣም ይወጠራል። ለብቻ ሲለካ «ልክ ነው» የተባለ ሰንሰለት ሁለት ሰው ሲቀመጥበት ገመድ ሆኖ ከተገኘ ትንሽ አላሉት። ከዚያ የግራና የቀኝ ማስተካከያው ጭረት እኩል መሆኑን አይተው የጎማውን ዳዶ ያጥብቁ።

ፍሬን። ሰንሰለት ካስተካከሉ የኋላ ፍሬኑም ስለሚለወጥ ቀጥለው ይዩት። ፔዳሉ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ወርዶ መያዝ ይጀምር። ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ ሲረግጡ ታምቡሩ ላይ ያለው ቀስት የመጨረሻውን ምልክት ካለፈ የፍሬኑ ሸራ አልቋል። በዚህ ሸራ ለብቻ ከነዱ ምናልባት ሳምንት ያስኬድ ይሆናል፣ ከሰው ጋር ግን አንድ ቁልቁለት አያወርድም። የፍሬን መብራቱም ፔዳሉ ገና ሲነካ መብራት አለበት።

መብራትና መስታወት። ማታ ሞተሩን ከግድግዳ አምስት ሜትር አርቀው ለብቻዎ ተቀምጠው የብርሃኑን የላይ ጠርዝ በጠመኔ ያስምሩ። ተሳፋሪው ሲቀመጥ ብርሃኑ ከመሥመሩ በላይ ይወጣል፤ የመብራቱን ብሎን አላልተው ወደ መሥመሩ ይመልሱት። ይህን ካላደረጉ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራሉ፣ እርስዎ ደግሞ ጉድጓዱን አያዩም። መስታወቱን የሚያስተካክሉት ተሳፋሪው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

በመጨረሻ የኋላ መርገጫዎቹን ይዩ። ሲዘረጉ የማይዋዥቁ፣ ጎማቸው ያልወለቀ ይሁኑ። ራጂ (የጎማውን መሐል ከቸርኬው ጠርዝ ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ሽቦ) ባለው ቸርኬ ላይ ደግሞ እያንዳንዱን ራጂ በመፍቻ መታ መታ ያድርጉ፤ ከሌሎቹ የተለየ የደነዘዘ ድምፅ የሰጠ ራጂ ላልቷል።

ሄልሜትና ልብስ

ሄልሜት ለነጂውም ለተሳፋሪውም ግዴታ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን 42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን 69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የሚቀንሰው ግን ልክ ከሆነና ከታሠረ ነው። አገጩ ሥር ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ተደርጎ ይታሠር፤ ከኋላ በኩል ወደ ፊት ሲገፋ የሚወልቅ ከሆነ ሰፊ ነው። የግንባታ ሠራተኛ ቆብ ሄልሜት አይደለም፣ ትራፊክን ለማታለል ካልሆነ በቀር።

ተሳፋሪዎች «ሽታው አስጠላኝ» ብለው እምቢ ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው። ውስጡን በሳምንት አንድ ጊዜ በሳሙና ያጥቡ፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ሥር የሚደረግ ስስ ጨርቅ ይያዙ። ፀጉሯን አናቷ ላይ የቋጠረች ሴት ከሆነች ቋጠሮውን ወደ ማጅራቷ እንድታወርደው ይንገሯት፤ አለበለዚያ ሄልሜቱ ከላይ ተንሳፎ ይቀራል።

ነጠላ፣ ጋቢ፣ ሻሽና ረጅም ቀሚስ በኋላ ጎማና በሰንሰለት ይጠለፋሉ። ሲጠለፉ ደግሞ ሰውን ወደ ኋላ ጎትተው ይጥላሉ፣ አንገት ላይ የተጠመጠመ ከሆነ ያንቃሉ። የነጠላው ጫፍ ሁለቱም በወገብ ታጥቆ ይቋጠር። ጫማ የተሸፈነ ይሁን፤ ሸበጥ ከእግር ሲወልቅ ተሳፋሪው ሊይዘው ጎንበስ ይላል፣ ያኔ ነው ሚዛን የሚጠፋው።

ከሕንድ የመጡ ሞተሮች በግራ በኩል የኋላ ጎማውን የሚሸፍን የብረት ዘንግ ይዘው ይመጣሉ። «አያምርም» ተብሎ ይነቀላል፤ አይንቀሉት። የተሠራው ቀሚስና እግር ወደ ራጂ እንዳይገባ ነው። ነገር ግን ሌላ ጣጣ አለው። ሕንድ የምትነዳው በግራ ነው፣ እኛ በቀኝ። እዚያ ወደ ግራ ዞራ በጎን የተቀመጠች ሴት እግሯ ወደ መንገዱ ዳር ነው፤ እዚህ በዚያው አቀማመጥ እግሯ የሚወጣው ወደሚያልፉት መኪኖች ነው። ስለዚህ እዚህ አገር በጎን መቀመጥ ሚዛን ከማዛባቱ ሌላ ጉልበትን ለመኪና ማጋለጥ ነው። ቀሚስ ሥር ሱሪ ለብሶ ግራና ቀኝ አንፈራጦ መቀመጥ ነው መፍትሔው።

መውጣትና መውረድ

የማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ቃጠሎ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። የአብዛኞቹ ሞተሮች ማርሚታ በቀኝ ነው፤ የእኛ መንገድ ዳርም በቀኝ ነው። ተሳፋሪው ከዳር በኩል ልውጣ ሲል ባቱ ማርሚታው ላይ ያርፋል። በግራ ልውጣ ሲል ደግሞ መኪና አለ። መፍትሔው ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ቆሞ፣ በግራ ማስወጣት ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። እርስዎ መጀመሪያ ይቀመጡ። የጎን መቆሚያውን አጥፈው ያንሱት፣ ተሳፋሪ በጎን መቆሚያ ላይ በቆመ ሞተር አይወጣም፤ መቆሚያው ይጣመማል፣ አፈሩም ይሰምጣል። ሁለት እግርዎን አንፈራጠው መሬት ይርገጡ፣ የፊት ፍሬኑን ይያዙ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። የኋላ መርገጫዎቹ መዘርጋታቸውን በዓይንዎ ይዩ። ከዚያ ይናገሩ። ተሳፋሪዎ አሮጊት ከሆኑ ለምሳሌ፦

«እማማ፣ እኔ ‹ይውጡ› ሳልልዎት እግርዎን እንዳያነሱ። ግራ እጅዎን ትከሻዬ ላይ ያድርጉ፣ ግራ እግርዎን እዚህች ብረት ላይ፣ ቀኙን በላይ ያሻግሩት። ያ ብረት ይፋጃል፣ አይንኩት። ስንቆምም እግርዎን ወደ መሬት አያውርዱ፣ እኔ ነኝ የምይዘው።»

ለወጣትም ይኸው ነው፣ «አንተ» ወይም «አንቺ» ተብሎ። ዋናው ነገር ከመነሳት በፊት አራት ነገር መስማማት ነው፦ እግር ከመርገጫው አይነሳም፣ ኩርባ ላይ ከነጂው ጋር እኩል ማዘንበል እንጂ ወደ ተቃራኒው መሸሽ የለም፣ ድንገት ወደ ኋላ መዞርና እጅ ማወናጨፍ የለም፣ ማቆም ሲፈለግ ትከሻን ሁለት ጊዜ መምታት። በሞተር ላይ መጮህ አይሰማምና ምልክቱ ይጠቅማል።

አያያዝ ላይ ይሉኝታ ብዙ ሰው ይጎዳል። የማታውቀውን ሰው ወገብ መያዝ የሚያሳፍራት ተሳፋሪ ምንም ሳትይዝ ትቀመጣለች፤ ሞተሩ ሲነሳ ወደ ኋላ ትንደረደራለች። በግልጽ ይንገሯት፦ አንድ እጅ ከኋላ ያለውን የብረት መያዣ፣ ሌላው የነጂውን የወገብ ቀበቶ ወይም ጃኬት። ትከሻና ክንድ ግን አይያዝም፤ ክንድዎ ሲጎተት መሪው አብሮ ይዞራል።

ሲደርሱ መጀመሪያ ይቁሙ፣ ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፣ ሁለት እግርዎን ያንፈራጡ፣ ከዚያ «ይውረዱ» ይበሉ። ሳይነገረው ዘሎ የሚወርድ ተሳፋሪ ነጂን ከነሞተሩ ይገለብጣል።

መንገድ ላይ

ፍሪሲዮኑን ከወትሮው ቀስ ብለው ይልቀቁ፣ ነዳጁን ትንሽ ጨመር ያድርጉ። ማርሽ ሲቀይሩ የተሳፋሪው ሄልሜት የእርስዎን ካንኳኳ አነዳድዎ ይነጥራል ማለት ነው፤ ከዚያ የተሻለ አስተማሪ የለም። ከፊት ካለው መኪና ጋር ያለውን ርቀት ከሁለት ሰከንድ ወደ አራት ያሳድጉ፦ መኪናው አንድ ምሰሶ ሲያልፍ «ሺህ አንድ፣ ሺህ ሁለት» እያሉ ይቁጠሩ፣ አራት ሳይሞላ እርስዎ ምሰሶው ጋ ከደረሱ ተጠግተዋል።

ፍሬን ሁለቱንም አብረው ይያዙ፣ ቀስ ብለው ጀምረው እየጨመሩ። የኋላ ጎማው ክብደት ስላለው የኋላ ፍሬን ለብቻ ከሚነዱበት ጊዜ ይልቅ ይረዳል፣ ግን ዋናው የሚያቆመው አሁንም የፊቱ ነው። ጠጠርና ፒስታ ላይ መሪው ሲዞር የፊት ፍሬን አይያዝ፤ ቀጥ ካሉ በኋላ ነው።

ዳገት ላይ ቀድመው ማርሽ ይቀንሱ። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የካርቡራተር ሞተር ከባሕር ወለል ጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፣ ሁለት ሰው ሲጨመርበት ደግሞ ሦስተኛ ማርሽ የሚያወጣዎት የነበረውን ሁለተኛ ይጠይቃል። ዳገት ላይ ቆመው ሲነሱ በኋላ ፍሬን ይያዙ፣ ሞተሩ ሊጎትት ሲል ይልቀቁ፣ ተሳፋሪውም ወደ ፊት ጠጋ ይበል። ክብደቱ ሁሉ ከኋላ ከሆነና ነዳጅ በድንገት ከተሰጠ የፊት ጎማው ይነሳል።

ቁልቁለት ከዳገት የባሰ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳሉ። በዚህ ዓይነት መንገድ ፍሬን ረግጠው ከቆዩ ታምቡሩ ይግላል፣ ሸራው መያዝ ያቆማል፣ ፔዳሉ እየወረደ ሞተሩ አይቆምም። ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ይውረዱ፣ ማርሹ ይያዝልዎ፣ ፍሬኑን ለአጭር ጊዜ እየነኩ እየለቀቁ ይጠቀሙ። ማርሽ ዜሮ አድርጎ ነዳጅ መቆጠብ በሁለት ሰው ሕይወት የሚደረግ ቁጠባ ነው። የማቃጠል ሽታ ከመጣ ይቁሙና ተሳፋሪው ወርዶ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀዝቅዝ፤ ታምቡሩ ላይ ውሃ አያፍስሱ።

ኮብልስቶን ሲረጥብ፣ የተቀባ የመንገድ መሥመር ሲረጥብ፣ ክረምት መጀመሪያ ላይ አቧራና ዘይቱ ገና ሳይታጠብ ሞተሩን ሳያዘነብሉ ይለፉ። ጥልቅ ጭቃ ላይ ተሳፋሪውን አውርደው በእግሩ ያሻግሩት።

የኋላ ጎማ ድንገት ከፈነዳ ሞተሩ ከኋላ እንደ ዓሣ ይዋዥቃል። ነዳጁን ቀስ ብለው ይልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ የኋላ ፍሬን አይርገጡ፣ ሞተሩ ዝግ ካለ በኋላ የፊቱን በስሱ ይጠቀሙ።

ልጆች

መለኪያው ዕድሜ ብቻ አይደለም። ልጁ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ሁለት እግሩ የኋላ መርገጫውን ካልረገጠ፣ በሁለት እጁ መያዝ ካልቻለ፣ ልኩ የሆነ ሄልሜት ከሌለው አይፈናጠጥም። እግሩ የማይደርስ ልጅ ተረከዙ ራጂ ውስጥ ይገባል፤ ሥጋና ጅማት የሚበጥስ ከባድ ጉዳት ነው። ሰርባቶዮ (የነዳጅ ታንክ) ላይ ከፊት የተቀመጠ ልጅ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ደረቱ ከመሪው ጋር ይጋጫል፣ የነጂው ክብደትም ከኋላ ይመጣበታል። ሕፃን አዝሎ መፈናጠጥም ያው ነው፤ የወደቀ ጊዜ እናቲቱ የምታርፈው በጀርባዋ ነው። እንቅልፍ የያዘው ልጅ ቢደርስም ቢያድግም አይጫንም።

አደጋ ከደረሰ

ሞተሩን አጥፍተው ከኋላ የሚመጣውን መኪና የሚያስቆም ሰው ያቁሙ። ተሳፋሪው እየተነፈሰ ከሆነ ሄልሜቱን አያውልቁ፣ አያስነሱት፣ አንገቱን ባለበት ይያዙለት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። «ደኅና ነኝ» ብሎ የተነሳ ሰው ካስመለሰው፣ ራሱን ካመመው ወይም ከወትሮው በላይ እንቅልፍ ካጫነው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። የመድን ድርጅቱን በውሉ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ ያሳውቁ፤ የሞተሩን አቀማመጥ፣ ሰሌዳውንና መንገዱን ሳይነካ ፎቶ ያንሱ። አስፋልት የመታ ሄልሜት ስንጥቅ ባይታይበትም ውስጡ ያለው ነጭ ፎም አንዴ ከተጨመቀ ዳግም አይመለስምና ለሌላ ተሳፋሪ አይሰጥም።